የሚዘጉ ሱቆች ለቅሶ ደራሽ

ከቁጥር ሃያ ሁለት እስከ ቁጥር ሠላሳ ባለው የልጆች ጫማ መሀል ተጋድሜ እንቅልፍ እምቢ ካለኝ ይኸው አራተኛ ቀኔ ነው። ሥራዬ የሌሊት ስለሆነ የምተኛው ቀን ነው፤ ማለቴ፣ የምተኛው ቀን ነበር። ክፍሌ ሰው ሲያዛጋ ግድግዳው ጥርሱን የሚነካው ዓይነት ነች፤ እሷ ላይ ደግሞ ሁለት መቶ ዐሥር ካርቶን ጫማ እስከ ጣሪያ ደርድሬባት፣ ልገላበጥ ስፈልግ መጀመሪያ ጫማዎቹን አስፈቅዳለሁ። በቀኜ ባለማሰሪያው፣ በግራዬ ባለዘለበቱ፣ ከእግሬ በኩል የዝናብ ቦቲ። ያ ክምር አንድ ቀን ቢናድ በሕፃናት ተረግጦ የሞተ የመጀመሪያው ጎልማሳ እኔ ነኝ። መጋረጃው ቀዳዳ አለው፣ ፀሐይዋ በዚያች ቀዳዳ ገብታ የምትፈልገው የእኔን ዐይን ብቻ ነው፣ ሌላ ሥራ የላትም። ስልኩ ደረቴ ላይ ነው። እኅቴ ዛሬ ከሰዓት በኋላ እደውላለሁ ብላለች። "ጋሼ፣ ሰው ባለበት ሁነህ ጠብቀኝ" ብላለች። ሰው ባለበት። አራት ቀን ሙሉ የማመነዥካት ቃል ይቺ ናት። የእናቴን ድምፅ ከሰማሁ አምስት ወር አልፎኛል፣ እና አሁን፣ ሰው ባለበት ሁን። ሰው ካለ እናቴ ሞታለች። ሰው ከሌለ እናቴ አለች። ነገሩ ይሄን ያህል ቀላል ነው፣ ትምህርት ቤት የገባሁት ጣሪያውን ልጠግን ብቻ ቢሆንም ይቺን ይቺንስ አላጣትም።

ተኛ እንጂ አንተ ሰው። ተኛ፣ ማታ ሥራ አለብህ። የሌሊቱ ሥራዬ ሰዎች ገዝተው ያልወደዱትንና የመለሱትን ዕቃ መለየት ነው። መጋዘኑ ከእኛ ሰፈር ይበልጣል፤ ሰፈራችንን ከነእርሻው፣ ከነአህያው አንዱ ጥግ ላይ ብታስቀምጠው ጠራጊው ሳያየው ጠርጎ ያወጣዋል። ዕቃው በሚንቀሳቀሰው ረጅም ላስቲክ ላይ እየተንሳፈፈ ይመጣል፦ ውስጡ ሻይ የቀረበት ማፍያ፣ ለአንድ ቀን ድግስ ተለብሶ ላቡ ያልደረቀ ሙሉ ልብስ፣ ባልና ሚስት ሲገጥሙት የተጣሉበት የሚመስል ግማሽ አልጋ። እኛ ደረጃ እንሰጣለን። አዲስ። ሣጥኑ የተከፈተ። ያገለገለ። ለመለዋወጫ ብቻ። አራት ማኅተም ነው፣ አምስተኛ የለም። ሦስት ዓመት ይሄን ስመታ ኖሬ አሁን ሰው ሲያናግረኝም እጄ ማኅተም ይፈልጋል። የአለቃዬ ፈገግታ፣ ሣጥኑ የተከፈተ። የቤት አከራዬ ሰላምታ፣ ለመለዋወጫ ብቻ። ከዚያ መጋዘን ሠራተኛ ገዝቶ መውጣት አይፈቀድለትም፤ ደረጃ የሚሰጠውና የሚገዛው አንድ ሰው ከሆነ ዕቃው ሁሉ በአንድ ሌሊት ይታመማላ። እውነታቸውን ነው፣ እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን እኔን አላምነኝም። ግን እዚያ ቆሜ አንድ ነገር ገባኝ፤ ከአንዱ እጅ የተረፈ ዕቃ ሌላ ቦታ ፈላጊ አለው። በስልኬም ትንሽ ሱቅ ከፈትኩ፣ በር የሌላት፣ መስኮት የሌላት፣ እንደ ክፍሌ።

መጀመሪያ የሄድኩት ባለቫኑ ጋ ነው። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ መኪናውን አቁሞ፣ በሩን በቅጡ ሳይከፍት የሚሸጥ፣ ዐይኑ አንድ ቦታ የማያርፍ ሰውዬ። አርባ ካርቶን ሳሙና አሳየኝ።

"ደረሰኝስ?" አልኩት።

"ደረሰኝ ምን ያደርግልሃል፣ ልትታጠብበት ነው?"

ሳቅሁ። ይሄ ነው የእኔ በሽታ፣ የሰው ቀልድ ያሸንፈኛል። ወሰድኩ። በሳምንቱ ሳሙናውን የለጠፍኩበት የስልክ ገበያ ደብዳቤ ላከብኝ፤ ይህን ዕቃ ከማን ገዛኸው፣ መቼ፣ ስንት ፍሬ፣ የሻጩ አድራሻ የት ነው፣ ወረቀቱን አሳይ። ወደዚህ አገር ስገባ ድንበር ላይ እንኳ እንዲህ አላፋጠጡኝም። ወረቀት የለኝም አልኩ፤ ሱቄን አንድ ወር ቆለፉት። ሳሙናውን ልመልስለት ብሄድ ባለቫኑ መሬት ውስጥ ገብቷል። የማን ሳሙና እንደነበር፣ ከየትኛው ሱቅ እንደጠፋ፣ ማን ተከሶበት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። አልሸጥኩትም፤ እየታጠብኩበት ነው፣ የልጅ ልጆቼም ይታጠቡበታል፣ ግን በታጠብኩ ቁጥር ቆሽሼ የወጣሁ ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ በሩን ከፍቶ፣ ስሙን ጽፎ፣ ፈርሞ ካልሰጠኝ ሰው መርፌ እንኳ አልገዛም።

ባለጫማዋን ያገኘኋቸው ግን በስሕተት ነው። ጠዋት ነው፣ ከሥራ እየተመለስኩ ነው፣ እግሬ ከእኔ በፊት ተኝቷል። ከልብስ ማጠቢያው ቤት ቀጥሎ ያለችው ሱቅ በሯ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ሁለት ሰዎች መደርደሪያ ተሸክመው ይወጣሉ፣ ዕቃው ወለል ላይ ፈሷል፣ አንዲት አሮጊት ሕፃናት ጫማ የሚለኩባት አጭር ወንበር ላይ ተቀምጠው በእጃቸው ጀርባ ዐይናቸውን ይጠርጋሉ። መስኮቱ ላይ በትላልቅ ቀይ ፊደል የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። ፊደላቸውን ስልኬ ካላነበበልኝ አላውቀውም፤ የሟቹ ስም መሰለኝ። በር ተከፍቶ፣ ዕቃ ወጥቶ፣ ሰው ዝም ብሎ፣ ሴት እያለቀሰች፤ እኔ በማውቀው ዓለም ይሄ አንድ ነገር ብቻ ነው። አይተው አያልፉትም። ገባሁ፣ ኮፍያዬን አወለቅሁ፣ ከጎናቸው ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ፣ እጄን ጉንጬ ላይ አድርጌ ወለሉን ማየት ጀመርኩ። መደርደሪያ የሚያወጡት ሰዎች አዩኝና ሸክማቸውን አስቀመጡ። እሳቸውም ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ኋላ እንደነገሩኝ፣ መጀመሪያ ሌባ፣ ቀጥሎ የቀረጥ ሰው፣ ከዚያ እብድ መስያቸዋለሁ። ጣሪያው ቢወርድ አልነሣም፤ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ።

"ስንት ቁጥር ነው የምትፈልገው?" አሉኝ በመጨረሻ።

"እግዜር ያጽናዎት" አልኩ፤ በእነሱ ቋንቋ ስለማላውቃት "ለሞተብዎት ሰው አዝኛለሁ" አድርጌ በስባሪ ቃል ተናገርኳት።

"ማን ሞተ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት እንጂ!"

መጀመሪያ ሳቁ። ሳቃቸው መሀል ላይ ተሰበረና ለቅሶ ሆነ፣ ለቅሶውም እንደገና ሳቅ። "ማንም አልሞተ" አሉ፣ "ሱቄ ናት።" አርባ አንድ ዓመት የሰውን ልጅ የመጀመሪያ እርምጃ ሲያጫሙ ኖረው፣ አሁን ሰው ሁሉ ጫማ በስልኩ ይገዛል፣ ኪራዩ ደግሞ እንደ ጎረምሳ በየዓመቱ ያድጋል። በስልኩ ሲሉ እኔ ስልኬን ኪሴ ውስጥ ወደታች ገፋ አደረግኋት። ገዳዩ ለቅሶ ቤት ተቀምጧል ብሎ ማን ይናገራል። ግን መናገር ነበረብኝ፤ በማግስቱ ተመልሼ ነገርኳቸው። "እኔም በስልክ ከሚሸጡት አንዱ ነኝ፣ የቀረዎትን ልግዛዎት፣ ግን በደረሰኝ፣ ያለ ደረሰኝ አልነካም" አልኳቸው። ያን ሰሞን አንድ ጅምላ ገዢ መጥቶ ነበር፤ በር ላይ ቆሞ፣ ካርቶን ሳይከፍት፣ መደርደሪያውን ጫማውን አምፖሉን ደምሮ አንድ ዋጋ ጠርቶ የሄደ። "እሱ ክብደቱን አየ፣ አንተ ተቀመጥክ" አሉኝና ጫማውን ለእኔ አደረጉት፤ በየሳምንቱ ተሸክሜ ልወስድ የምችለውን ያህል፣ በየቁጥሩ ተጽፎ፣ ተፈርሞ። አሁን የስልኩ ገበያ ከየት አመጣኸው ቢለኝ ከየት እንዳመጣሁ ብቻ ሳይሆን ማን እንዳለቀሰበትም አሳየዋለሁ።

ይኸው ነው ጫማው። ልተኛ ብዬ ጫማ መቁጠር ጀመርኩ፤ ሰው እንቅልፍ ሲያጣ በግ ይቆጥራል ይሉ የለም፣ እኔ ግራና ቀኝ እቆጥራለሁ። መስኮት ላይ የነበሩት ጥንዶች ያስቸግራሉ፤ አንዱ እግር ለማሳያ ሲቀመጥ ሌላው ካርቶን ውስጥ ይቆያል፣ እና ግራው ፀሐይ አይቶ ገርጥቷል፣ ቀኙ እንደተወለደ ነው። ይሄን ደብቆ መሸጥ አይቻልም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ፎቶ አንሥቼ ገርጥቷል ብዬ እጽፋለሁ፣ ማለቴ እናገራለሁ፣ ስልኬ ይጽፈዋል። እኔ! ዝንብ አይቼ ንስር ነው የምለው ሰው፣ የሰው ዕቃ ላይ ያለች ጭረት በማጉያ እየፈለግሁ ይቺንም እወቁልኝ ስል እውላለሁ። እናቴ ብታይ አታምንም። እናቴ ብታይ።

የስልኩን ውሸት ለሰፈሩ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሰፈር እያለሁ ድምፅ አወጣለሁ፤ የዳኛ፣ የላም፣ ዳገት ላይ የሚያቃስት አውቶቡስ። የሊቀመንበሩን ድምፅ አውጥቼ በአጥር በኩል ስብሰባ ብጠራ ሁለት መቶ ሰው ወጥቶ ዝናብ ሲመታው ዋለ፤ ምስጋናዬን እናቴ በመጥረጊያ እንጨት ሰጠችኝ። ታዲያ ጎረቤታችን አናጢው ሲሞቱ ሽማግሌዎቹ ቤቴ መጡ። የአናጢው ልጅ ሩቅ አገር ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፣ ብቻዋን ናት፣ ስትወድቅ የሚይዛት የለም። ብቻውን ላለ ሰው መርዶ አይነገርም። እስክትመጣ አባቷ አሉ ይባል፣ "ነገር ግን ማነጋገር ትፈልጋለች፣ አንተ ታውቅበታለህ" አሉኝ። አወቅሁበት። ዐሥራ አራት ወር አናጢው ሆንኩ። ሳላቸውን፣ ጉሮሮ መጥረጋቸውን፣ ከቃል በፊት የምትቀድመውን "እ" ሳትቀር። ሰፈሩ ዙሪያዬን ከቦ አፉን በእጁ አፍኖ ይሰማል፣ ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ያለቅሳል፣ ባለቤታቸው ግን ድምፁን ሲሰሙ ግድግዳ ይይዛሉ። አንድ ቀን ልጅቷ ስልኩ ላይ ታለቅሳለች። አሠሪዎቿ በድለዋታል። ቀልድ አለቀብኝ። ምን ልበላት? "ኮርቼብሻለሁ ልጄ" አልኳት በአባቷ ድምፅ። ለቅሶዋን ትታ "እሺ አባዬ" አለች። ሰፈሩ ጎሽ አለኝ፣ እኔም ጎሽ ነኝ አልኩ።

ስትመጣ ለአባቷ የገዛችውን ካፖርት ክንዷ ላይ ይዛ ነው ከአውቶቡስ የወረደችው። ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሲጠብቃት ስታይ ገባት፤ ከዚያ ያለውን አልናገርም። ቀኑ ካለፈ በኋላ ቤቴ መጣች፣ በሩ ላይ ቆመች፣ አልገባም አለች።

"አንተ ነህ አሉኝ።"

"እኔ ነኝ።"

"ኮርቼብሻለሁ ያልከኝም አንተ ነህ?"

"እሷንም ያልኩት እኔ ነኝ።"

"አባዬ በሕይወቱ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። እዚያ ቤት ያቆመችኝ ያቺ ቃል ናት። ምነው፣ ሌላውን ሁሉ ብለህ እሷን እንኳ ብትተውልኝ?"

ያን ቀን ሰው ፊት ቆሜ ቀልድ አጣሁ። አሁንም ያቺ ልጅ በሩ ላይ ቆማለች። ካርቶኖቹ መሀል፣ ካፖርቱን ይዛ፣ ትጠብቀኛለች። እኅቴ ያኔ ትንሽ ነበረች፣ ጉልበቴ ሥር ተቀምጣ ትሰማ ነበር፣ አንዲት ቃል አላመለጠቻትም።

የእኅቴን ውሸት ለዚህ ነው የማውቀው። በመጀመሪያው ወር "እማዬ ተኝታለች" አለችኝ። አዲስ፣ ሣጥኑ ያልተነካ ውሸት፤ ተቀበልኩ። በሁለተኛው "አክስቴ ዘንድ ሄዳለች።" ሣጥኑ የተከፈተ። እናቴና አክስቴ በአንድ በግ ምክንያት ከተኳረፉ ዐሥራ ሰባት ዓመታቸው ነው፣ በጉ እንኳ ይቅር ብሏቸው ሞቷል። በሦስተኛው "ጆሮዋ ደክሟል፣ ስልክ አይሰማትም።" ያገለገለ፤ ያቺን እኔ ራሴ ለአናጢው ልጅ ተጠቅሜባታለሁ። በአራተኛው "ይኸው እማዬ፣ አነጋግራት" አለችና አንድ የጎረነነ ድምፅ "ልጄ፣ እንደምነህ፣ እግዜር ይባርክህ" አለኝ። ለመለዋወጫ ብቻ። እናቴ ስልክ ስታነሣ እግዜርን አትጠራም፣ "አንተ ቀጣፊ፣ አለህ?" ነው የምትለው፣ ስድቧን እስክትጨርስ ሌላ ሰው ተራ አይደርሰውም። ያቺን ድምፅ ያወጣችው ጎረቤት ማን እንደሆነች አላውቅም፣ ሥራውን አታውቅበትም፣ ሳሏን ያለ ቦታው ነው ያስገባችው። ልነቅፋት አልቻልኩም። "አሜን እማዬ" አልኩ። አሜን ለማን እንዳልኩ አላውቅም።

በየወሩ ከመዝጋቷ በፊት አንዲት ጥያቄ አለቻት። "ጋሼ፣ አጠገብህ ሰው አለ?" እኔ ምን እላለሁ? "ሞልቷል እቱ! አራት መቶ ሃያ እግር ከቦኝ የምን ብቸኝነት!" ትስቃለች፣ ሳቋ መንገድ ላይ ይቀራል፣ "በል እሺ፣ ደህና ሁን" ትልና ትዘጋለች። እማዬም አንድ ወር ተጨመረላት። ብቸኝነቴን እንደ ኪኒን ለእናቴ ስሰጣት ቆየሁ፣ በወር አንድ ፍሬ። ጓደኛ እንዳላበጅ ፈራሁ። ሌሊት አብሮኝ የሚቆመው ማሸጊያ ለጣፊው ሰውዬ እሑድ ቤት ና፣ ከልጆቼ ጋር ዋል ቢለኝ ጀርባዬን ታምሜያለሁ አልኩት። ሰው ካጠገቤ ከተገኘ ገደልኳት ማለት ነው።

ከአራት ቀን በፊት ግን እኅቴ ስለ ሰው አልጠየቀችኝም። "ጋሼ፣ ደከመኝ" አለች። "ምን ደከመሽ?" አልኳት እያወቅሁ። "ዝም ብሎ። ሰው ሁሉ አልቅሶ ወጣለት፣ እኔ ያንተን ስልክ እየጠበቅሁ፣ ድምፄን እያስተካከልኩ" ብላ አቆመች። ምን እንዳፈሰሰች ገባት። እኔም ያልሰማሁ መስዬ ስለ ዝናብ ጠየቅኋት። ያቺን "ሰው ባለበት ሁነህ ጠብቀኝ" ያለችኝ ከዚያ በኋላ ነው። ይሄ ነው እንቅልፍ የነሣኝ። አምስት ወር እናቴን ያቆየኋት በእኔ ብቸኝነት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የተሸከመቻት እኅቴ ናት። እኔ ዐሥራ አራት ወር የሰው አባት ተሸክሜ ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ እሷ የተሸከመችው የገዛ እናቷን ነው።

ተነሣ። ተነሣሁ። ጫማዎቹን አስፈቅጄ ወጣሁ።

የሱቋ በር ላይ ያቺ ቀይ ወረቀት አንድ ጥጓ ተልጦ ይውለበለባል። ዛሬ የመጨረሻዋ ቀን ናት፣ ነገ ባለጫማዋ ቁልፉን ለቤቱ አከራይ ያስረክባሉ። ግድግዳው ላይ መደርደሪያው የነበረበት ቦታ ነጭ ሆኖ ቀርቷል፣ ወለሉ ተጠርጓል፣ መሀል ላይ ሃያ ስድስት ካርቶን ብቻ፣ ከሠላሳ አንድ እስከ ሠላሳ አምስት ቁጥር። ባለጫማዋ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ደረሰኙን ይጽፋሉ። እኔ ካርቶን እከፍታለሁ፣ ግራና ቀኙን አያለሁ፣ ቁጥሩን እጠራለሁ።

"ሠላሳ ሁለት፣ ሰማያዊ፣ ስድስት ጥንድ።"

"ስድስት" ይላሉ፣ ይጽፋሉ። "ፊትህ ምን ሆነ? ቁጥር ሃያ ጫማ ውስጥ የገባ ቁጥር አርባ እግር መስለሃል።"

"እንቅልፍ አጥቼ ነው።"

"ሱቅ የተዘጋው የእኔ፣ እንቅልፍ የሚያጣው እሱ!" ብለው ይስቃሉ። "እኔስ ከሣጥኖቹ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ ዋልኩ። ሰው ሥራው ላይ እንደቆመ ቢሞት ዕድለኛ ነው።" ስልኬ ጮኸ። እንደዚህ ጮኾ አያውቅም፣ ወይም ባዶው ሱቅ ነው ያጎላው።

አነሣሁ።

"ጋሼ። አጠገብህ ሰው አለ?"

ምላሴ ላይ ሦስት ቀልድ ተሰልፎ መጣ፣ አንዱ ከአንዱ የሚያምር። ዋጥኳቸው።

"አለ።"

"ቀልድህን ነው።"

"አይደለም እቱ።"

"ማን?"

"ባለሱቅ ናቸው። ትልቅ ሰው ናቸው።"

"አቅርባቸው።"

"ቋንቋቸውን የት ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም። አቅርባቸው። አንተ ደግሞ የአሮጊት ድምፅ እንዳታወጣብኝ፣ አውቅሃለሁ።"

ስልኩን ድምፁን ከፍቼ መሸጫ ጠረጴዛው ላይ፣ ከደረሰኙ አጠገብ አስቀመጥኩት። "እኅቴ ናት፣ ድምፅዎን ልስማ ትላለች" አልኳቸው። ግራ ተጋብተው እኔን አዩ፣ ስልኩን አዩ፣ እስክሪብቶውን እንደያዙ ጎንበስ ብለው በቋንቋቸው ሰላምታ ሰጧት። የእኔ ድምፅ እንዳልሆነ እኅቴ ወዲያው አወቀች። ሳላቸው የእኔ አይደለም፣ በጥርሳቸው መሀል የሚያፏጨው ንፋስም እኔ የማላወጣው ነው። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች፣ ባሕር የሚያሻግር ትንፋሽ። ከዚያም ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው፣ አንዲት ቃል ለማይሰሟት ሴት፣ በገዛ ቋንቋችን ትናገር ጀመር።

"እማማ፣ አላውቅዎትም። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይሄ ልጅ ብቻውን ነው። እናታችን ዐርፋለች። ባለፈው ክረምት ማለቂያ ላይ፣ አልታመመችም፣ አልተሠቃየችም፣ ተኝታ ነው። ብቻውን ነው ብለን ሳንነግረው ቆየን። አደራዎን፣ እንዳይወድቅ ይያዙልኝ፣ ቶሎ እንዳይሄዱበት፣ ቀልድ ቢያወራም አይመኑት።"

ባለጫማዋ ቃሉ አልገባቸውም፣ ግን የለቅሶን ድምፅ ያውቁታል፣ እስክሪብቶውን አስቀመጡ። ወደ እኔ ዞረው "ምን አለች?" አሉኝ።

የእነሱን ቋንቋ መቶ ቃል ብችል ሰባው ጫማ ነው። ቁጥር፣ ቆዳ፣ ማሰሪያ፣ ተረከዝ፣ ቅናሽ። በቀሩት ሠላሳ ውስጥ ገብቼ ፈለግሁ። መርዶ ለሰው ስቀብር እንጂ ስናገር ይሄ የመጀመሪያዬ ነው፣ ለዚያውም የራሴን።

"እናቴ ሞታለች" አልኳቸው። "አምስት ወር ሆኗታል።"

በዚያው ቅጽበት በሩ ተገፋ። አንዲት ሴት ሕፃን በእጇ ይዛ፣ ቀዩን ወረቀት አይታ፣ የቀረ ጫማ አለ ወይ ትላለች። ባለጫማዋ ተነሡ፣ በአርባ አንድ ዓመት ደንበኛ መልሰው አያውቁም ይመስለኛል፣ "የለም፣ ዘግተናል" አሏት፣ ሃያ ስድስት ካርቶን መሀል ላይ ተቆልሎ። በሩን ዘጉት። ቁልፉን ሁለት ጊዜ ሲያዞሩት ሰማሁ። እኔ ወለሉ ላይ መቼ እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ተመልሰው በጉልበታቸው ተንበረከኩ፣ ጉልበታቸው ተንቋቋ፣ አንድ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጥለው በሌላው ስልኩን ከጠረጴዛው አውርደው አፋቸው ዘንድ አደረጉትና በቋንቋቸው ቀስ ብለው፣ ለደንቆሮ እንደሚናገሩት ጮክ ብለው ተናገሩ።

እኅቴ እዚያ ማዶ እያለቀሰች ነው። አምስት ወር የቆየ ለቅሶ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፇን ሳታስተካክል። "ጋሼ" አለችኝ በሲቃ፣ "ምን አሉ?"

"በሩን ቆልፌዋለሁ፣ የትም አልሄድም፣ ነው ያሉሽ" አልኳት።

ካሉት ላይ አንዲት ቃል አልጨመርኩም።